ባዶ የተመለሰች መኪና

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ከብዶኛልና «አውርጂው» በሉኝ።

ጉም አምባ የምትባል ከተማ ነበረች። ጉሙ ከሰው ቀድሞ ገበያ ይወጣል፤ ከሰው ኋላ ይገባል። እዚያ አገር ጎረቤት ጎረቤቱን የሚለየው በመልኩ ሳይሆን በሳሉ ነው። በዚያች ከተማ ጌጤነሽ የምትባል ባጃጅ ነጂ ነበረች። ወንዶቹ ሾፌሮች «እትዬ ጌጤ፣ ኧረ ቀስ በይ፣ ጉም ነው» ሲሏት፣ «ጉሙ ቀስ ይበል፤ እኔ ሥራ አለኝ» ብላ የምታልፍ ጉድ ናት።

ጌጤነሽ በሁለት ነገር ትታወቃለች። አንዱ እልልታዋ ነው። እሷ እልል ያላለችበት ሰርግ ላይ ሙሽራው ራሱ ያገባ አይመስለውም፤ እንደገና ዳሩኝ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ባዶ ዕቃ አለመውደዷ ነው። ድስት ከተዋሳችኋት ድስቱን ከጭልፋ ወጥ ጋር፣ ወንፊት ከተዋሳችኋት ወንፊቱን ከእፍኝ ሽምብራ ጋር ትመልሳላችሁ። ባዶውን ብትመልሱ አትጣላችሁም። ብቻ ሌላ ቀን ስትመጡ ዕቃው ሁልጊዜ ሰው ወስዶታል። ጎረቤቷ ደብሪቱ አንዴ ሰፌድ ባዶ መልሳባት፣ ክረምቱን ሙሉ «ሰፌዱን ሰው ወስዶታል» ስትባል ከረመች። ሰፌዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ደብሪቱን ቁልቁል ያያታል፤ ደብሪቱም ሽቅብ ታየዋለች።

ይቺ ጌጤነሽ አንዲት ልጅ አለቻት፣ ትርንጎ የምትባል። ባለፈው ዓመት ከገደሉ ማዶ፣ ቆላ ነው የተዳረችው። አሁን ሆዷ ገፍቷል። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ጌጤነሽም በእናቷ ቤት ወልዳለች፣ እናቷም በእናቷ ቤት። ታዲያ አንድ ጠዋት ትርንጎ ደወለች። «እማ፣ አዋላጇ ልጁ ወርዷል አለች። ነገ ከነገ ወዲያ አይልም አለች። መቼ ነው የምትወስጂኝ?»

በባጃጅ እንዳትወስዳት፣ ባጃጅ እርጉዝ ጭኖ ያንን ገደል ከወረደ ልጁ ኩርባው ላይ ይወለዳል። በሚኒባስ እንዳትወስዳት፣ ሚኒባሱ ሰው እንደ ጆንያ ይጠቀጥቃል። ጌጤነሽ የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ ልጇን ሳታንገጫግጭ ወደ ቤቷ የምታመጣላት መኪና።

እንግዲህ ሄደች፣ መኪና ከሚሸጥበትና ከሚከራይበት ግቢ። በግቢው ያሉት ሁሉ ቤንዚን የማይቀምሱ፣ በመብራት የሚሄዱ ናቸው። ሲራክ የሚባለው ሻጭ፣ ጫማው ከመስታወት የሚያበራ ሰውዬ፣ ወጥቶ እጅ ነሣት። ከገዙ የእርስዎ ናት አላት፤ ባትሪዋ ሲያረጅ ግን በእጅዎ ነው የሚያረጀው። በሊዝ ከወሰዱ ደግሞ ዓመቱ ሲሞላ ይመልሷታል፤ ማርጀቷ የእኛ ጣጣ ነው።

«ሊዝ የምትለው ውሰት ነው» አለችው ጌጤነሽ።

ውሰት ሳይሆን ኪራይ መሰል ነገር ነው ብሎ ሊያስረዳት ጀመረ። እሷ ግን ወደ መኪኖቹ ሄዳለች። ጉሙ ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ነጭ አለች፣ ቀይ አለች፣ ጥቁር አለች። ጎማቸውን በእግሯ መታ መታ አደረገች። አንዷን አስነሳልኝ አለችው። ሲራክ «ተነስታለች እኮ» አላት። ጆሮዋን የመኪናዋ ደረት ላይ ለጥፋ አዳመጠች፤ ምንም። እንደ ሬሳ ዝም ያለች መኪና። «ምነው፣ ልቧ አይመታም» አለች ጌጤነሽ፣ ሳቀችም። ብቻዋን ሳቀች።

ከዚያ ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት መኪና አየች። አየች ማለትስ ምን ይባላል፣ ቀለሟ ልክ እንደ ጉሙ ነው፤ በእጅ ካልዳሰሷት መኖሯ አይታወቅም። ጌጤነሽ ልትዳስሳት እጇን ስትዘረጋ በሩ ራሱ ተከፈተ። ወንበሩ ሞቅ ብሏል፣ ሰው አሁን ከላዩ እንደተነሳ።

«ይቺ ትሁን» አለች። «በሊዝ። ውሰት አውቃለሁ፤ መመለስም እችልበታለሁ።»

ፈረመች፣ ገባች፣ ቁልፉን ተጫነች። መኪናዋ በቻይንኛ አንድ ነገር አለች፤ ያው ሁሉም አዲስ መኪና በቻይንኛ ነው የሚያወራው፣ ማንም አይደነግጥም። ግን አልተንቀሳቀሰችም። ሲራክ አንገቱን አከከ። የበፊቱ ተከራይ ትናንት ማታ የመለሳት ባዶዋን ነው፤ ሌሎቹም ባዶ ናቸው፤ ቻርጅ ትሁን ብሎ ከግድግዳው ሳጥን ገመድ ስቦ ሰካላትና መብራት መኖሩን ሊያጣራ ወደ ቢሮው ገባ።

እሱ እንደገባ መኪናዋ ቻይንኛውን ተወች። በአማርኛ፣ ያውም በድሮ ሴት አማርኛ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«አልሄድም። ባዶ መልሰውኛል። ሳጥኑ ካልሞላኝ አልሄድም። የምትጠበቀዋ ትጠበቅ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ከፍቶ ይሮጥ ነበር። ጌጤነሽ ግን ባጃጅ ነጂ ናት፤ ከትራፊክም ከሰካራምም ጋር ስትከራከር ነው የኖረችው። «ማነሽ አንቺ? የምትጠበቀዋ ያልሽውስ ማን ናት?» አለች። መኪናዋ መልሳ ቻይንኛዋን ያዘች።

ከመኪናዋ ወረደች፣ ወደ ሳጥኑ ሄደች። «አንተ ሳጥን፣ መኪናዋን ሙላልኝ። መኪናዋ አልሄድም አለች፤ ትርንጎም ከገደሉ ማዶ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቀረች።»

የሳጥኑ መብራት እንደ ዓይን ገለጥ ከደን አለ። «አልሞላም» አለ ሳጥኑ። «በልተው ይሄዳሉ፤ እግዜር ይስጥልኝ ያለኝ የለም። ትራንስፎርመሩ ካላጎረሰኝ አልሞላም። የምትጠበቀዋ ትጠበቅ።»

ሲራክ ከቢሮው ብቅ ሲል ሴትዮዋ ግድግዳ ታናግራለች። «እትዬ፣ ማንን ነው የሚያናግሩት?» አላት። «አንተን ነው ብልህ ደስ ይልሃል?» አለችው። «ና ተከተለኝ፣ ትራንስፎርመሩ የት ነው?» መብራት በከተማው ጠፍቷል ብዬ ልነግርዎ ነበር እያለ ተከተላት።

ትራንስፎርመሩ ከመንገዱ ማዶ፣ ከእንጨት ምሰሶ ላይ ተቀምጧል። ሌላ ጊዜ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም የሚውል ነው፤ ያን ቀን ዝም ብሏል። ከሥሩ ደግሞ የከተማው ውሾች ሁሉ ሽቅብ እያዩት ተቀምጠዋል። አንዱም አይጮህም።

ጌጤነሽ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንተ ትራንስፎርመር፣ ዓመቱን ሙሉ ጮኸህ ዛሬ ነው እንዴ የምታኮርፈው? ሳጥኑን አጉርስልኝ። ሳጥኑ መኪናዋን አልሞላም አለ፤ መኪናዋ አልሄድም አለች፤ ትርንጎም ከገደሉ ማዶ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቀረች።»

ከላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ አለ፣ ከሲራክ ጫማ ላይ። «አላጎርስም» አለ ትራንስፎርመሩ። «አጉርሼ አጉርሼ እጄን ባዶ ነው የምሰበስበው። መዘውሩ ካልቀሰቀሰኝ ተኝቻለሁ፤ በእንቅልፌ ግን እሷን አያታለሁ። ጠጉሯ ብዙ ነው። የምትጠበቀዋ ትጠበቅ።»

ሲራክ ሰማው። የሰማው እንዳልሰማ ሆኖ ጫማውን ሊጠርግ ጎንበስ አለ፤ ቀናም ሳይል «እትዬ፣ ቀይዋን ብንሞክራትስ?» አላት። ቀይዋም ባዶ ናት። ጌጤነሽ ባጃጇን አስነሳች። እሱ ትንሽ ቆም ብሎ ውሾቹን አየ፤ ውሾቹም ፊታቸውን ከትራንስፎርመሩ መልሰው እሱን አዩት። ዘሎ ከኋላ ገባ።

ከከተማው በላይ ያለችው ግድብ ትንሽ ናት። ከሥሯ የድንጋይ ቤት፣ ከቤቱ ውስጥ ደግሞ ውኃ እየገፋው መብራት የሚያመነጭ ትልቅ የብረት መዘውር አለ። ዳገቱን ሲወጡ ጉሙ እየወፈረ፣ ባጃጇም፣ ያቺ ለፍላፊ ባጃጅ፣ ድምፅዋን ዝቅ ዝቅ እያደረገች ሄደች፤ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው። ሲደርሱ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ዘበኛ የለም፤ የዘበኛው ካፖርት ብቻ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል።

ሲራክ ከደጅ ቀረ። አይፈረድበትም፣ ልጆች አሉት።

ጌጤነሽ ገባች። መዘውሩ ጨለማ ውስጥ ቆሟል፤ ከክንፎቹ የደረቀ ሣር ተንጠልጥሏል። «አንተ መዘውር፣ ትራንስፎርመሩን ቀስቅስልኝ። ትራንስፎርመሩ ሳጥኑን አላጎርስም አለ፤ ሳጥኑ መኪናዋን አልሞላም አለ፤ መኪናዋ አልሄድም አለች፤ ትርንጎም ከገደሉ ማዶ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቀረች።»

መዘውሩ አንዲት ጋት ዞረ፤ ወደ ኋላ። ጥርሱን እንዳፋጨ ሰው ሲጢጢጥ አለና «አልቀሰቅስም» አለ። «ዞሬ ዞሬ የምደርሰው ከተነሳሁበት ነው። ወንዙ ካልገፋኝ አልቀሰቅስም። ደግሞ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ አንቺ እዚህ ስትጮኺ እሷ እዚያ ትገላበጣለች። የምትጠበቀዋ ትጠበቅ።»

ጌጤነሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀስ ብላ ተናግራ አታውቅም። አሁን ቀስ ብላ ወጣች።

ወንዙ ዘንድ ብቻዋን ወረደች። መሃል ክረምት ነው፤ ሌላ ዓመት በዚህ ጊዜ ወንዙ በሬ ይወስዳል። ያን ቀን ግን ድንጋዮቹ ደርቀው ነጭተዋል፣ በመሃላቸው አንዲት ቀጭን ውኃ ብቻ፣ እንደ ተረሳ ክር። ስልኳ ጮኸ። ትርንጎ ናት።

«እማ፣ መጣሽ?»

«እየመጣሁ ነው፣ የኔ ዓለም።»

«ቤቱ ውስጥ ውኃ ሲቀዳ ይሰማኛል» አለች ትርንጎ። «ቧልቧል ይላል፣ እንስራ ሲሞላ እንደሚለው። ተነስቼ አየሁ፤ ውኃ የሚቀዳ የለም። ጆሮዬን ባዞርበት ያው ነው። ከሆዴ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«የማርገዝ ነገር ነው» አለቻት ጌጤነሽ። እሷስ ባረገዘችበት ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ስልኩን ዘጋችና ወንዙን ለመነች። «አንተ ወንዝ፣ መዘውሩን ግፋልኝ። መዘውሩ ትራንስፎርመሩን አልቀሰቅስም አለ፤ ትራንስፎርመሩ ሳጥኑን አላጎርስም አለ፤ ሳጥኑ መኪናዋን አልሞላም አለ፤ መኪናዋ አልሄድም አለች፤ ትርንጎም ከገደሉ ማዶ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቀረች።»

ድንጋዮቹ አንድ በአንድ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ኳ ኳ አሉ። ወንዙ በድንጋይ ነው የሚናገረው። «አልገፋም። በምን ጉልበቴ? ምንጩ ካላጠጣኝ አልገፋም። ሽቅብ ውጪ፤ መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ መጥተሽበት ነበር። የምትጠበቀዋ ትጠበቅ።»

መጥታበት ነበር፣ እውነቱን ነው። በትርንጎ ሰርግ ጊዜ ነው። የእድሩ እንስራ አልበቃ ብሎ፣ የጠላው ውኃ ጎድሎ፣ ጌጤነሽ ምንጩ ዘንድ ወጥታ ከቅጠሉ ሥር አንድ ጥቁር እንስራ ተቀምጦ አገኘች። የማንም አይደለም። ወደ ምንጩ ዞራ እየሳቀች «እንግዲህ አውሰኝ» አለችው፤ ወሰደችው። ሰርጉ ሞቀ። ሲያልቅም እንስራውን አጥባ፣ ካነሳችበት መልሳ አስቀመጠችው። ሌላ ሰው ቢሆን እቤቱ ያስቀረው ነበር። እሷ ግን መለሰች፤ በመመለሷም ስትኮራ ኖራለች።

ያንን እያሰበች ዳገቱን ወጣች። ከላይ ጉሙ ነጭነቱ ቀርቶ አመድ ሆኗል። ወፍ የለም። የራሷ እግር ኮቴ እንኳ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚሰማት፤ ሌላ ሰው ከኋላዋ እግሯን እየረገጠ እንደሚከተላት።

ምንጩ ዘንድ ደረሰች። «አንተ ምንጭ፣ ወንዙን አጠጣልኝ። ወንዙ መዘውሩን አልገፋም አለ፤ መዘውሩ ትራንስፎርመሩን አልቀሰቅስም አለ፤ ትራንስፎርመሩ ሳጥኑን አላጎርስም አለ፤ ሳጥኑ መኪናዋን አልሞላም አለ፤ መኪናዋ አልሄድም አለች፤ ትርንጎም ከገደሉ ማዶ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቀረች።»

ከመሬት ውስጥ፣ አፉን በነጠላ እንዳፈኑት ሰው፣ ምንጩ መለሰላት። «አላጠጣም። አልቻልኩም። የተቀመጠብኝን አታዪውም?»

አየችው። ያ ጥቁር እንስራ፣ ዶሮ በእንቁላሏ ላይ እንደምትቀመጥ፣ የምንጩ ዓይን ላይ ተቀምጦበታል። በጆሮው ይዛ ልታነሳው ሞከረች፤ አልተነሳም። ባዶ እንስራ ነው፤ ግን ተራራው ከሥሩ የተያያዘ ይመስል አልነቃነቅም አለ። አፉ ጥልቅ ነው፤ ታች ድረስ አይታይም።

ጌጤነሽ ተንበረከከች። «አንተ እንስራ፣ ምንጩን ልቀቅልኝ። ምንጩ ወንዙን አላጠጣም አለ፤ ወንዙ መዘውሩን አልገፋም አለ፤ መዘውሩ ትራንስፎርመሩን አልቀሰቅስም አለ፤ ትራንስፎርመሩ ሳጥኑን አላጎርስም አለ፤ ሳጥኑ መኪናዋን አልሞላም አለ፤ መኪናዋ አልሄድም አለች፤ ትርንጎም ከገደሉ ማዶ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቀረች።»

እንስራው በዚያች በድሮዋ ሴት ድምፅ ተናገረ፣ በመኪናዋ ድምፅ። «አልለቅም» አለ። «ጌጤነሽ፣ ደብሪቱ ሰፌድ ባዶ ስትመልስብሽ ምን አደረግሽ?»

«ሰው ወስዶታል አልኳት» አለች ጌጤነሽ።

«እኔንስ ስትመልሺኝ በውስጤ ምን ነበር?»

«ምንም» አለች ጌጤነሽ። «ለምንጭ ውኃ ይዞ የሚሄድ ማን አለ? ውኃማ እዚህ ሞልቷል ብዬ ነው።»

«ውኃ ማን ጠየቀሽ? ደስታ ጠጣችሁብኝ፤ ደረቄን መለሳችሁኝ። እኔ ባዶ ስሆን ከእኔ በታች ያለው ሁሉ ባዶ ነው። ሙይኝና ልልቀቅ።»

ይኼማ ቀላል ነው። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ቆሎ ነበራት፤ ፈትታ ጣለችበት። ጆሮዋን አቀናች። ቆሎው ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ፤ ከሥር ሲያርፍ አልተሰማም። የብር ቀለበቷን አውልቃ ጣለች፤ እሱም እንደዚያው። ነጠላዋን ራሷን አጣጥፋ ከተተች፤ እንስራው ዋጠው፤ ያው ባዶ ነው።

«ያለፈ ነገር አይሞላኝም» አለ እንስራው። «ወደ ቤትሽ ከሚመጣው ነው የምፈልገው። ገና ያልተነካውን፣ ሰው ያላየውን። የምትጠበቀዋን።»

እዚህ ላይ ጌጤነሽ ገባት። መኪናዋ ስትል፣ ሳጥኑ ሲል፣ ሁሉም ሲሉ የዋሉት ገባት። የሚፈልጓት ትርንጎ ሆድ ውስጥ ያለችውን ሕፃን ነው። ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይጠይቃሉ፤ ወንዙ በድንጋዩ፣ መዘውሩ በጥርሱ፣ ትራንስፎርመሩ፣ ሳጥኑ፣ መኪናዋ። «የምትጠበቀዋ፣ የምትጠበቀዋ።» ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይጮሃል፤ ትርንጎ ናት። አላነሳችውም። ምን ብላ ታንሳው?

በመጨረሻ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች።

«አዳምጥ» አለች። «ልጅቱ የእኔ አይደለችም። የትርንጎ ናት፣ የባሏ ናት፣ የፈጣሪዋ ናት። እኔ የሰው ዕቃ አላውስም፤ አልሰጥምም። ይልቅ ከእሷ ጋር የሚመጣ፣ የእኔ የራሴ የሆነ፣ ማንም ያልነካው አንድ ነገር አለኝ። እሱን ውሰድ።»

«ምንድን ነው?»

ምን እንደሆነ እናንተም እኔም እናውቃለን። በሰው ሰርግ ሁሉ እልል ስትል የኖረች ሴት፣ ለራሷ የልጅ ልጅ ያስቀመጠችው አንድ እልልታ አላት። ትርንጎ ማርገዟን የነገረቻት ዕለት ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ፣ «ቆይ፣ ቀንህ አልደረሰም» ብላ ወደ ታች የመለሰችው እልልታ። ያንን ያህል ወራት እንደ ጥሬ ወርቅ ደብቃ ይዛዋለች።

እንስራውን በሁለት እጇ አቀፈች፣ አፏን ከአፉ ገጠመች፣ ለቀቀችው።

እንዲህ ያለ እልልታ ጉም አምባ ሰምታ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልሰማችም፣ አንዲት ጠብታ ወደ ውጭ አልወጣችምና። ሁሉም ወደ እንስራው ወረደ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ከቅርብ፣ ከዚያ ከአንገቱ ሥር፣ ቧልቧል እያለ ሞላ። ጌጤነሽ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ሰጠች። ስትጨርስ ጉሮሮዋ ውስጥ ያለ አንድ ነገር፣ እንደ ወፍ፣ ተነስቶ ሄደ።

እንስራው ከብዶ ወደ ጎን ዘንበል አለ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! እንስራው ምንጩን ለቀቀ፤ ምንጩ ወንዙን አጠጣ፤ ወንዙ መዘውሩን ገፋ፤ መዘውሩ ትራንስፎርመሩን ቀሰቀሰ፤ ትራንስፎርመሩ ሳጥኑን አጎረሰ፤ ሳጥኑ መኪናዋን ሞላ፤ ውሾቹም በአንድነት ጮሁ። ሲራክን ከግድቡ ደጅ ቆሞ የዘበኛውን ካፖርት ለብሶ አገኘችው፤ በርዶት ነው አላት። ምንም አልጠየቃትም። በባጃጅ ወርደው ግቢው ሲደርሱ የጉም ቀለሟ መኪና መብራቷን አብርታ፣ በሯን ከፍታ ትጠብቃለች።

መኪናዋ ሄደች። ገደሉን ስትወርድ ድንጋይ የረገጠች አትመስልም። ትርንጎን አነሳች፤ ስትመለስም እንደዚያው። ትርንጎ ከኋላ ተጋድማ «እማ፣ ወንበሩ እርጥብ ነው» አለች፤ ጌጤነሽ እጇን ሰዳ ዳሰሰችው። ነጠላዋ ነው። እንስራው የዋጠው ነጠላ፣ ተጣጥፎ፣ የምንጭ ውኃ እየሸተተ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከጫፉ ቆሎውና ቀለበቷ ተቋጥረዋል። መኪናዋ በቻይንኛ አንድ ነገር አለች። ጌጤነሽም «እግዜር ይስጥልን» አለቻት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ትርንጎ በእናቷ ቤት አማጠች። አዋላጇ ነርስ ከውስጥ ናት፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል፤ ደብሪቱም አለች። የሁሉም ዓይን ጌጤነሽ አፍ ላይ ነው። ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት እልል ይባላል፤ ከእሷ በፊት ግን ማንም አይጀምርም፤ አያቲቱ እሷ ናታ።

ከውስጥ የሕፃን ድምፅ ተሰማ። ጌጤነሽ አፏን ከፈተች።

ምንም።

ምላሷ ይመታል፣ ድምፅ የለም። መናገሩን ትናገራለች፤ እልልታው ግን ሄዷል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ደብሪቱ «ምነው፣ ሰው ወሰደው?» አለች ቀስ ብላ፤ ያን ክረምት ሙሉ እሷም ይኼንኑ ስትሰማ ከርማለች፣ አትፍረዱባት።

ያኔ ነው ከላይ፣ ከምንጩ፣ በጉሙ ውስጥ የመጣው። የጌጤነሽ እልልታ፣ የራሷ ድምፅ። ከእንስራው ወደ ምንጩ ወረደ፤ ከምንጩ ወደ ወንዙ፤ ከወንዙ ወደ መዘውሩ፤ ከመዘውሩ በሽቦው ወደ ትራንስፎርመሩ፤ ከትራንስፎርመሩ ወደ ሳጥኑ፤ በየቤቱ ያለው አምፖል ሁሉ ብልጭ ብልጭ አለ፤ በመጨረሻም ደጅ የቆመችው መኪና፣ ያቺ ድምፅ የሌላት፣ እልል አለች። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ከዚያ ዝም።

ያኔ ነርሷ በሩን ከፈት አድርጋ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ሴት ናት» አለች። «ጠጉሯ ብዙ ነው።»

መጀመሪያ እልል ያለችው ደብሪቱ ናት። ጌጤነሽም አቀፈቻትና አለቀሰች፣ ሳቀችም። ሰፌዱንም ያን ዕለት ሰጠቻት።

ዓመቱ ሲሞላ ጌጤነሽ መኪናዋን ልትመልስ ሄደች። ጢም አድርጋ ሞልታታለች፤ ከኋላ ወንበር ላይም አንድ ድፎ ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣለች። ሲራክ ምነው አይገዟትም አላት፤ ለምዳዎት የለም እንዴ?

«ተዋት» አለችው። «ማዶ የሚጠበቅ የሌለው ሰው የለም፤ ለሌላውም ትድረስ። ብቻ ባዶዋን እንዳይመልሳት ለሚወስዳት ሁሉ ንገር።»

ከመኪናዋ ወርዳ በሩን ስትዘጋ፣ መኪናዋ ቻይንኛዋን ተወት አደረገችና በዚያች በድሮዋ ሴት ድምፅ አንዲት ቃል አለች። «ሙሉ ነኝ» አለች። ጉሙም መጥቶ ሸፈናት።

ተረቴን አዋስኳችሁ፤ ስትመልሱልኝ ባዶውን እንዳይሆን።